ሞሪሸስ ዘይቷን ስትቀይር፦ የተጠበሰ ምግብ፣ የደም ቅባትና እርጅና በአንዲት ደሴት

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ የሞሪሸስ መንግሥት አብዛኛው ሕዝብ የሚያበስልበትን የራሽን ዘይት ቀየረው። በፊት አብዛኛው የፓልም ዘይት ነበር። ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ የአኩሪ አተር ዘይት ሆነ። ሰው መጥበሱን አልተወም። መጥበሻውም አልተቀየረም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሕዝቡ ደም ሲመረመር ግን አማካይ ኮሌስትሮሉ ወርዶ ተገኘ። ያውም በትንሹ አይደለም።

ስለ ተጠበሰ ምግብ ሲወራ ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ሲሽከረከር ይውላል። አንዱ «ጥብስ ገዳይ ነው» ይላል። ሌላው «አያቶቻችን እየበሉት ዘጠና ዓመት ኖረዋል» ይላል። ጥናቶቹም ቢሆኑ አንድ ራስ ምታት አለባቸው። ጥብስ የሚያበዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሲጋራም ያጨሳል፣ ስፖርትም አይሠራም። ታዲያ ጎጂው የትኛው ነው? የሞሪሸስን ጉዳይ የወደድኩት ለዚህ ነው። እዚያ ዘይቱ የተቀየረው ለጤናው በሚጨነቀውም፣ በማይጨነቀውም ቤት ነው።

ደሴቲቱና ምግቧ

ሞሪሸስ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ አገር ናት። ነፃነቷን ያገኘችው በ1968 ነው። በ1980ዎቹ የሕዝቧ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ገደማ ነበር። አብዛኛው ከሕንድ የመጡ ሰዎች ዘር ነው። ክሪዮል የሚባሉት፣ ከአፍሪካና ከማዳጋስካር የመጡት፣ ቀጥለው ይመጣሉ። ጥቂት ቻይናውያንም አሉ። አገሪቱ ለዘመናት የኖረችው በሸንኮራ አገዳ ነው። በዚያ አሥር ዓመት ግን የልብስ ፋብሪካዎች ተስፋፉ፣ ገቢ ጨመረ። ሰው ከእርሻ ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ገባ።

ምግቡ ዘይት ይወዳል። ጋቶ ፒማ የሚሉት አንድ የመንገድ ዳር ምግብ አለ። የአተር ክክ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት ይፈጫል፣ ግን አይልምም፤ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ቃሪያ፣ የሽንኩርት ቅጠልና የድንብላል ቅጠል ይከተፍበታል። ከዚያ በእጅ እየተድቦለቦለ የሞቀ ዘይት ውስጥ ይገባል። ውጩ ቡናማ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ ይወጣል። ውስጡ ለስላሳ ነው። ዳቦ ሰንጥቀው፣ ቅቤ ቀብተው፣ እሱን ከተው ለቁርስ ይበሉታል። ከዚህ ሌላ ሳምቡሳ አለ። የተጠበሰ ኑድል አለ። በዘይት የሚጋገረው ፋራታ የሚባለው ቂጣም አለ። የሕንዱም፣ የክሪዮሉም፣ የቻይናውም ማዕድ የሚገናኘው ዘይቱ ላይ ነው።

ምርመራው ምን አገኘ?

በ1987 መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ ትልቅ የጤና ዳሰሳ አካሄደ። ከውጭ ያገዙት የሜልበርኑ ፖል ዚመት፣ የኒውካስሉ ጆርጅ አልበርቲና የሄልሲንኪው ያኮ ቱሚሌህቶ ነበሩ። የቱሚሌህቶ መኖር ያለ ነገር አይደለም። ፊንላንድ ራሷ በልብ ሕመም ሞት ከዓለም ቀዳሚ ከነበሩት አገሮች አንዷ ነበረች። ከ1972 ጀምሮ በሰሜን ካሬሊያ አውራጃ የሕዝቡን የቅቤ ልማድ ለመቀየር ብዙ ደክማለች። የአንድን ሕዝብ የቅባት ዓይነት መቀየር እንደሚቻል ፊንላንዶች አይተውታል።

ዳሰሳው ከ25 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሰዎችን ይዟል። በባዶ ሆድ ደም ተወሰደ። ግሉኮስ ጠጥተው ሁለት ሰዓት ከቆዩ በኋላ ደግሞ እንደገና ተወሰደ። ውጤቱ ደስ አይልም። ከስምንት ጎልማሳ አንዱ ገደማ ስኳር ነበረበት። ከሁሉ የሚገርመው በሽታው ዘር አለመምረጡ ነው። ሕንዱም፣ ክሪዮሉም፣ ቻይናውም ላይ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። «የእነ እገሌ የደም በሽታ ነው» ብሎ ማለፍ አልተቻለም። ሦስቱንም የሚያገናኝ ነገር ካለ አንድ ላይ የሚኖሩት ኑሮ ነው።

ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ፕሮግራም ተጀመረ። በመገናኛ ብዙኃን ትምህርት ተሰጠ። በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ ቅስቀሳ ተደረገ። ሕግና ታክስም አብረው መጡ። የዘይቱ ለውጥ ከእነዚህ መካከል ድምፁ ያልተሰማው ነው። ማንንም ማሳመን አላስፈለገውማ።

ሁለቱ ዘይቶች በምን ይለያያሉ?

የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። በቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጥ ነጭ እየሆነ የሚረጋውም ለዚህ ነው። የአኩሪ አተር ዘይት ውስጥ የሚረጋው ቅባት 15 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው የማይረጋ ቅባት ነው። 7 በመቶ ገደማ ደግሞ ኦሜጋ ስሪ ከሚባለው የማይረጋ ቅባት ወገን ነው። ይህችን 7 በመቶ ያዟት፣ በኋላ ሁለት ጊዜ እንመለስባታለን።

ጉበታችን ከደም ውስጥ ኤልዲኤል የተባለውን «መጥፎ» ኮሌስትሮል የሚለቅምባቸው ተቀባዮች አሉት። የሚረጋ ቅባት ሲበዛ እነዚህ ተቀባዮች ይቀንሳሉ። ያልተለቀመው ኮሌስትሮል ደም ውስጥ ይሰነብታል። ቀስ በቀስ የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ሕመም የለው፣ ምልክት የለው። ብዙ ዓመት ሲጠራቀም ነው በደረት ሕመም ወይም በስትሮክ ብቅ የሚለው። የሠላሳ ዓመት ሰው የጠበሰበት ዘይት ሒሳቡን የሚያወራርደው ሰውየው ሲያረጅ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ

በ1992 ዳሰሳው ተደገመ። አማካይ ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከ5.5 ወደ 4.7 ሚሊሞል በሊትር ወርዷል። ብዙዎቻችን የምናውቀው የላቦራቶሪ ወረቀት በሚሊግራም ስለሆነ፣ ከ213 ወደ 182 ገደማ ማለት ነው። ለብቻ ሲታይ በወንዶች 0.79፣ በሴቶች 0.82 ሚሊሞል ቀንሷል። ከሚረጋ ቅባት የሚገኘው ጉልበት ከቀኑ ምግብ ውስጥ በ3.5 በመቶ ገደማ እንደወረደ ተገምቷል። አንድ ሐኪም በሽተኛውን አስቀምጦ «ቅባት ቀንስ» እያለ መክሮት ይህን ያህል ቢወርድለት በጣም ደስ ይለዋል። እዚህ የወረደው የአንድ ሰው ሳይሆን የአገር አማካይ ነው።

እሺ፣ ግን ዘይቱ ነው ያወረደው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘይቷን ያልቀየረች ሁለተኛ ሞሪሸስ የለችም። በእነዚያው ዓመታት ሌላም ነገር ተለውጧል። የሚያጨሱ ወንዶች ከ58 ወደ 47 በመቶ ወርደዋል። ከባድ ጠጪ የሆኑ ወንዶች ከ38 ወደ 14 በመቶ ቀንሰዋል። የደም ግፊትም በመጠኑ ወርዷል። እንቅስቃሴ የሚያደርገው ሰው ትንሽ ጨምሯል።

እኔ ግን ወደ ዘይቱ አደላለሁ። ምክንያቱ ክብደት ነው። በአምስቱ ዓመታት ውስጥ ወፍራሙ ሰው በዝቷል እንጂ አልቀነሰም። ክብደት ሲጨምር ኮሌስትሮል መውጣት ነበረበት። ሲጋራ ማቆምም ብቻውን ጠቅላላ ኮሌስትሮልን ይህን ያህል አያወርድም። ተመራማሪዎቹም በዘይቱ ስሌት ሠርተው የለውጡን ትልቅ ድርሻ ለዘይቱ ሰጥተዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ይህን ጠንቃቃነታቸውን ወድጄላቸዋለሁ። «ዘይት ቀይረን አገር አዳንን» ቢሉ ማንም ያጨበጭብላቸው ነበር።

ይህ ቁጥር ለእርጅና ምን ትርጉም አለው?

0.8 ሚሊሞል ሰው ላይ ሲተረጎም ስንት ነው? በ2007 የታተመ አንድ ትልቅ ትንተና እዚህ ላይ ይረዳናል። 61 ጥናቶችን፣ ወደ 900,000 የሚጠጉ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ ነው ያየው። ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው በ1 ሚሊሞል ዝቅ ያለ ሰዎች በልብ ቧንቧ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከ40 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነው። ከ50 እስከ 69 ባለው በአንድ ሦስተኛ። ከ70 እስከ 89 ባለው በአንድ ስድስተኛ።

ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ሰባ ከሞላን ዘይት አያሳስበንም» ሊል ይችላል። አይቸኩል። በዚያ ዕድሜ በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው በጣም ብዙ ስለሆነ አንድ ስድስተኛውም ብዙ ሰው ነው። ጥቅሙ አይጠፋም። ሆኖም ለአዛውንት የሚበጀው ዘይት የአዛውንቱ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ1987 የአርባ ዓመት ሰው የነበረ ሞሪሸሳዊ ዛሬ ወደ ሰማንያ ተጠግቷል። ዘይቱ ሲቀየር ኮሌስትሮሉ ብዙ የሚያተርፍለት ዕድሜ ላይ ነበር። የቤተሰብ ማዕድ አንድ ከሆነ፣ ለአያት ብቻ «ጤናማ ዘይት» ገዝቶ ለልጆቹ ሌላ መጥበስ ሒሳቡን መገልበጥ ነው።

ዘይቱ ያልነካው ነገር

ስኳር በሽታ አልቀነሰም። በ1992 ያው ነበር ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጨመረ። በ2009 ከአምስት ጎልማሳ ወደ አንድ ተጠግቷል።

ለምን? ዘይት የፈለገው ዓይነት ይሁን፣ አንድ ግራም 9 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። የፓልምም ያው፣ የአኩሪ አተርም ያው፣ ውድ የሆነው የወይራም ያው። ጋቶ ፒማው ከመጥበሻው ሲወጣ ይዞት የሚወጣው ዘይት ዓይነቱ እንጂ መጠኑ አልተለወጠም። ስለዚህ የደም ቅባቱ ሲያምር ወገቡ እየሰፋ ሄደ። «ኮሌስትሮል የለውም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ገዝተው እንደልብ የሚያፈሱ ሰዎች ይህን ቢያዩት ደስ ይለኛል። በነገራችን ላይ የትኛውም የተክል ዘይት፣ የሚረጋው ፓልም ሳይቀር፣ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ጉዳዩ ዘይቱ ውስጥ ያለው ሳይሆን ዘይቱ ጉበታችን ላይ የሚሠራው ነው።

መጥበሻው ውስጥ

አሁን ወደዚያች 7 በመቶ እንመለስ። የአኩሪ አተር ዘይት ለደም ጥሩ የሆነበት ነገር ለመጥበስ ደካማ ያደርገዋል። የማይረጉ ቅባቶች ከአየርና ከሙቀት ጋር ቶሎ ይጣላሉ፤ ከሁሉ በፊት የሚሸነፈው ኦሜጋ ስሪው ነው። ፓልም በአንጻሩ ሙቀት ይችላል። ጠባሾች የሚወዱት በከንቱ አይደለም።

ጥብስ ሲጠበስ ሦስት ነገር በአንዴ ይሆናል። ከምግቡ የሚወጣው ውሃ ዘይቱን ይሰባብረዋል። አየር ያበላሸዋል። ሙቀት ደግሞ የተሰባበረውን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። አንድ ጊዜ ጠብሶ ለሚደፋ ብዙም አያሳስብም። ያንኑ ዘይት ደጋግሞ ለሚያሞቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዘይቱ ይወፍራል። ምግብ ሲገባበት አረፋው ቶሎ አይከስምም፣ እየፈላ ጠርዝ ላይ ይቆያል። ድሮ ጭስ በማያወጣበት ሙቀት መጨስ ይጀምራል። የመጥበሻው ዳር ላይ ቢታጠብ የማይለቅ የሚያጣብቅ ቢጫ ነገር ይቀራል። እነዚህን ያየ ሰው ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። አዲስ ዘይት ጨምሮበት መቀጠልም መፍትሔ አይደለም፤ አዲሱ ያረጀውን አያድሰውም። ጀርመን፣ ፈረንሳይና ስፔን ለመጥበሻ ዘይት ወሰን አላቸው። የተበላሸው ክፍል 24 ወይም 25 በመቶ ከደረሰ ይደፋል።

የምግብ ኢንዱስትሪው ለዚህ ችግር አንድ ዘዴ አግኝቶ ነበር። የአኩሪ አተር ዘይትን በሃይድሮጅን በከፊል ማርጋት። ዘይቱ ሙቀት ቻለ፣ ግን ትራንስ ፋት ይዞ መጣ። ትራንስ ፋት ለልብ ከፓልምም የባሰ ነው፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ያደርጋል። ዴንማርክ በ2003 ከማንም ቀድማ ከ100 ግራም ቅባት 2 ግራም እንዳያልፍ ከለከለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ከዓለም ምግብ እንዲጠፋ ጥሪ አቀረበ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2021 ተከተለ። ፓልምን በአኩሪ አተር ለመቀየር የሚያስብ አገር ይህንን ካልተቆጣጠረ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ዘይቱ፣ አያያዙና አብሮት የሚበላው ነገር ውጤቱን እንደሚለዋውጡት ሁለት ጥናት ጎን ለጎን ሲታዩ ግልጽ ይሆናል። በስፔን 40,757 ጎልማሶች ለ11 ዓመት ተከታትለዋል። የተጠበሰ ምግብ የሚያበዙት ከሌሎቹ የበለጠ የልብ ሕመም አልታየባቸውም። እዚያ የሚጠበሰው ባብዛኛው በወይራ ወይም በሱፍ ዘይት ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው 106,966 ሴቶች ታይተዋል። በሳምንት አንዴም ሆነ ከዚያ በላይ የተጠበሰ ዶሮ የሚበሉት፣ ጨርሶ ከማይበሉት ጋር ሲነጻጸሩ በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው 13 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሁለቱም «የተጠበሰ» ይላሉ። የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም።

ለተጠራጣሪዎች

ማህበራዊ ሚዲያ ላይ «የዘር ዘይት (እንደ አኩሪ አተርና በቆሎ ካሉ ዘሮች የሚጨመቀው) መርዝ ነው» የሚሉ ሰዎች አንድ የሚጠቅሱት እውነተኛ ጥናት አለ። ከ1968 እስከ 1973 በአሜሪካ ሚኒሶታ በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎችና በአንድ የአረጋውያን ማረፊያ የተካሄደ ነው። የሚረጋው ቅባት ተነሥቶ በበቆሎ ዘይት ተተካ። ኮሌስትሮል 13.8 በመቶ ወረደ። ሞት ግን አልቀነሰም። ሙሉው መረጃ እንደገና ተተንትኖ የታተመው በ2016 ነው። ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም፤ ኮሌስትሮል ወረደ ማለት ዕድሜ ተጨመረ ማለት ብቻውን አይደለም።

ነገር ግን የበቆሎ ዘይት ኦሜጋ ስሪ የለውም በሚባል ደረጃ ነው። የአኩሪ አተሩ 7 በመቶ እዚህ ላይ ልዩነት ያመጣል ብለው የሚያምኑ ተመራማሪዎች አሉ። ደግሞም ብዙዎቹ ተሳታፊዎች ምግቡን የበሉት ለአጭር ጊዜ ነው፤ የደም ቧንቧ ግን በአንድ ዓመት አይጠራም። እኔ ሞሪሸስን ከሚኒሶታ ጎን አስቀምጬ የማነበው እንዲህ ነው፦ ዓይነቱን መቀየር ያዋጣል፣ በተለይ ቀድሞ ከተጀመረና ዘይቱ ኦሜጋ ስሪ ካለው። ተአምር ግን አይሠራም።

ቤት ውስጥ አዛውንት ላለው

የሞሪሸስን ጉዳይ አንብቦ እናቱን «ከዛሬ ጀምሮ ጥብስ የሚባል የለም» የሚል ልጅ አይጠፋም። እናት ወፍራም ከሆኑ፣ ስኳር ወይም ግፊት ካለባቸው፣ መጠኑን መቀነስ ያስኬዳል። ልብስ እየሰፋባቸው፣ ምግብ እየጠላቸው፣ ጡንቻቸው እየሟሸሸ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሳይፈልጉ መክሳት በዚያ ዕድሜ ከኮሌስትሮል የበለጠ አጣዳፊ ነው። ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። እስከዚያው ዘይቱን መከልከል ሳይሆን ያልተደጋገመ፣ የማይረጋ ዘይት ከሾርባቸውና ከወጣቸው ላይ አንድ ማንኪያ ጨምሮ ማቅረብ ይሻላል። እነዚያ 120 ካሎሪዎች ለእሳቸው ጠላት አይደሉም።